በልክ ስለሚሠራ የሕፃን ወንበር

ጤነኛ ሕፃን ከተወለደ በስድስተኛው ወር ገደማ፣ ቢዘገይም እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ፣ ያለ ደጋፊ መቀመጥ ይጀምራል። እናት ይህን ባየች ጊዜ ደስ ይላታል፤ ጎረቤትም «እሰይ፣ አደገ» ብሎ ይመርቃል። ነገር ግን መቀመጥ ለሕፃን ምን ያህል ታላቅ ነገር እንደ ሆነ ቆም ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። የተቀመጠ ሕፃን እጆቹ ነፃ ስለሚሆኑለት ይይዛል፣ ይጥላል፣ መልሶ ያነሣል። ዐይኑ ከጣራው ወርዶ የሰው ፊት ያያል። ምግቡ በትክክለኛ መንገዱ ወደ ሆዱ ይወርድለታል፤ ደረቱም ተከፍቶ እንደ ልቡ ይተነፍሳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ትምህርት ሁሉ፣ ማንኪያ መያዝም ሆነ እርሳስ መያዝ፣ መሠረቱ ይኸው መቀመጥ ነው።

እንግዲህ በገዛ ኀይሉ ሊቀመጥ የማይችል ሕፃን ይህ ሁሉ ይቀርበታል ማለት ነው። በጀርባው ተንጋሎ ጣራ ሲያይ ይውላል። ምግቡንም ተንጋሎ ስለሚጋት ትን ይለዋል፤ አካሉም በተኛበት አኳኋን ደርቆ ይቀራል። ብዙ ሰው ይህን መከራ ሁሉ ሕመሙ ያመጣው ነውና ምንም አይደረግለትም ብሎ ያምናል። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው፣ ከመከራው ብዙው የሚመጣው ከአቀማመጥ ጉድለት መሆኑን፣ ይህንንም ጉድለት በልጁ ልክ በተሠራ ወንበር ማቃለል የሚቻል መሆኑን፣ ወንበሩም እዚሁ በሸዋ ሮቢት ገበያ በሚገኝ ዕቃና በከተማችን አናጢዎች እጅ ሊሠራ የሚችል መሆኑን ነው።

ስለ ጉዳቱ መንሥኤ

መቀመጥ የሚሳናቸው ሕፃናት ሕመማቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ብዙዎቹ ግን አንጎላቸው ገና በማደግ ላይ ሳለ ጉዳት የደረሰበት ናቸው፤ ይህም በሐኪሞች አጠራር ሴሬብራል ፓልሲ ይባላል። ምጥ በርትቶ ሕፃኑ አየር ያጠረው እንደ ሆነ፣ ያለ ጊዜው የተወለደ እንደ ሆነ፣ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ቆዳውና ዐይኑ ክፉኛ ቢጫ ሆኖ ሳይታከም የቀረ እንደ ሆነ፣ ከዚያም በኋላ ማጅራት ገትር ወይም አንጎልን የሚያጠቃ ወባ የያዘው እንደ ሆነ አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። የይፋት ቆላ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ወባ የሚበረታበት አገር ስለ ሆነ፣ አጎበር መዘርጋትና ትኩሳት የያዘውን ሕፃን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ይህን ጉዳት ከሚከላከሉት ነገሮች አንዱ ነው። በጤና ተቋም መውለድም እንዲሁ ነው።

ጉዳቱ አንድ ጊዜ ከደረሰ በኋላ በአንጎል ውስጥ እየጨመረ አይሄድም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የእናት ኀጢአት፣ የጎረቤት ዐይን ወይም የዘር እርግማን ያመጣው አይደለም። አንዳንዱ ሕፃን ጡንቻው ስለሚደርቅ ጭኖቹ ተጣብቀው እግሮቹ እንደ መቀስ ይተላለፋሉ፤ ራሱም ወደ ኋላ ይለጠጣል። ሌላው ደግሞ አካሉ ልፍስፍስ ብሎ ራሱን ለማቅናት ይሳነዋል። አንጎል ያጣው ኀይል ባይመለስም፣ አጥንትና ጅማት እንደ አያያዛቸው የሚያድጉ ናቸው። ድጋፍ ያላገኘ ጀርባ ይጎብጣል፤ ሁልጊዜ ተጣብቆ የሚውል ጭንም በጊዜ ብዛት የዳሌውን አጥንት ከመጋጠሚያው ሊያወጣው ይችላል። በጨቅላነቱ ያልተደገፈ ችግኝ ጠምሞ እንደሚያድግ ገበሬ ሁሉ ያውቃል።

በአንድ ቤት ያየሁት

አንድ ቀን የአጎበር አጠቃቀምን ለመመልከት ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ከሸዋ ሮቢት ከተማ ወጣ ብሎ በሮቢ ወንዝ አጠገብ ወዳለ መንደር ሄድን። በሽንኩርት ማሳ ዳር ካለ አንድ ቤት በገባን ጊዜ እናትዬዋ እርሻ ላይ ነበረች። አያቲቱ በጓዳው በሰሌን ላይ ተቀምጠው አንድ የአራት ዓመት ልጅ በጭናቸው ላይ አንጋለው አጥሚት ይግቱ ነበር። ልጁ ያስለዋል፤ ዐይኑ ያነባል፤ ፊቱ ይጠቁራል። እርሳቸውም ጀርባውን መታ መታ አድርገው እንደ ገና ይግቱታል፤ ሆዱ ባዶውን እንዳያድር ብለው ነው። በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ በሳምባ ምች ታሞ ለጥቂት ከሞት መትረፉን ነገሩን።

እኔም በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለሁ ያየሁት ባለ መንኮራኩርና ባለ ብዙ ማሰሪያ ወንበር ትዝ አለኝ። ደብዳቤ ጽፌ፣ ደጅ ጠንቼ፣ ከብዙ ወራት በኋላ አንድ ወንበር አስመጣሁ። ወንበሩ ግን ለትልቅ ልጅ የተሠራ ነበር። ልጁ ሲቀመጥበት ዳሌው ወደ ፊት እየተንሸራተተ ወገቡ ተቆለመመ፤ እግሮቹም መርገጫ አጥተው በአየር ላይ ስለ ተንጠለጠሉ ከቀድሞው ይበልጥ ደረቁ። መንኮራኩሩም በመንደሩ ድንጋያማ መንገድ አልሄድ አለ። ከሁለት ወር በኋላ ተመልሼ ባየሁ ጊዜ ወንበሩ ላይ የሽንኩርት ጆንያ ተቀምጦበት፣ ልጁም በሰሌኑ ላይ ተኝቶ አገኘሁ። በመጀመሪያ ተናደድሁ። አያቲቱ ግን ምንም ሳይቆጡ፣ «ልጄ፣ ወንበሩስ ደግ ወንበር ነው፤ ልጁን ግን አልሆነውም። እኔ ሳዝለው እኮ ቀጥ ይላል፤ ባታምነኝ አሁን አዝዬው እይ» አሉኝ።

በአንቀልባም አዘሉት። የልጁ ጭኖች በወገባቸው ግራና ቀኝ ተከፍተው፣ ጉልበቱ ታጥፎ፣ ደረቱ ከጀርባቸው ተደግፎ፣ ራሱን ከትከሻቸው በላይ ቀና አድርጎ ዙሪያውን ይመለከት ጀመር። ተላልፈው ይደርቁ የነበሩት እግሮቹ ላሉ። በባሕር ማዶ በሥዕል የተማርሁት ነገር፣ ይኸውም ዳሌው እንዲታጠፍ፣ ጭኑ እንዲከፈት፣ ደረቱ እንዲደገፍ የሚለው ሁሉ፣ በአሮጊቷ ጀርባ ላይ ነበር። ጥፋቱም የእኔ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ፤ የልጁን ቁመትና ወርድ አንድ ጊዜ እንኳ ሳልለካ ወንበር አስመጥቼለት ነበርና።

አያቲቱ ልጁን ካወረዱ በኋላ የጠየቁኝ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። «ዓመት በጨመረ ቁጥር ይከብደኛል። እኔ የደከምሁ ዕለት ማን ያዝለዋል?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በከተማው በርጩማና አልጋ ከሚሠሩ አንድ አናጢ ዘንድ ሄጄ ነገሩን አስረዳኋቸው። ብዙም አልተጨነቁ። «ልኩን ብቻ አምጣልኝ» አሉ። ልኩን በክር ወስደን ሰጠናቸው፤ እርሳቸውም ከባሕር ዛፍ ጣውላ አንድ ትንሽ ወንበር ከነጠረጴዛው ሠሩ። የመጀመሪያው ሙከራ ጉድለት ነበረበት፤ የእግር መርገጫው በሁለት ጣት ዝቅ ስላለ በካርቶን ድርብርብ ሞላነው። ዋጋው በአጠቃላይ ከአንድ ጠቦት ዋጋ ያነሰ ነበር። ልጁ አልዳነም፤ ዛሬም አይራመድም። በተከታዩ ክረምት አንድ ጊዜ ሳል በርትቶበት ወደ ጤና ጣቢያ ሄዷል። ነገር ግን አጥሚቱን ተቀምጦ ይጠጣል፤ በግቢው የሚሄዱትን ዶሮዎች በዐይኑ ይከተላል፤ እናቱም ከማሳ ስትመለስ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል። አያቲቱም እርሱን ከጎናቸው አስቀምጠው ሽንኩርት ይለቅማሉ።

በአገራችንና በውጭ አገር የተደረገው

በአገራችን የአካል ጉዳት ላለባቸው ሕፃናት ማሰብ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1962 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በምትገኘው በመናገሻ የቼሻየር ድርጅት የሕፃናት ማእከል ተቋቁሞ፣ በተለይ በፖሊዮ እግራቸው የሰለለ ልጆች እንዲረዱ ተደርጓል። በዚያ ዘመን የአካል ጉዳት ሲባል ሰው የሚያስበው ፖሊዮን ነበር፤ መፍትሔውም የእግር ብረትና ምርኩዝ ነበር። ክትባት እየተስፋፋ ከሄደ በኋላ ግን የአፍሪካ አህጉር ከተፈጥሮ የፖሊዮ ተዋሲ ነፃ መሆኑ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ተረጋግጧል። ዛሬ በየቤቱ የምናገኘው የአንጎል ጉዳት ያለበት ሕፃን ነው፤ እርሱም የሚያስፈልገው እግሩን ብቻ ሳይሆን መላ አካሉን የሚደግፍ ነገር ነው። ክራንች ለዚህ ልጅ ምንም አይጠቅመውም።

በውጭው ዓለምም ቢሆን ለድኻ ቤተሰብ የሚሆን መቀመጫ ያገኙት ሰዎች ያዩት በቅርብ ያለውን ዕቃ ነው። በዚምባብዌ ቤቪል ፓከር የተባለ ሰው አሮጌ ወረቀትና ካርቶን በዱቄት ማጣበቂያ እየደራረቡ ጠንካራ ወንበር የመሥራት ብልኃት አስተምሯል፤ ብልኃቱም ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፍቷል። በሜክሲኮ ተራሮች ውስጥ በምትገኘው በአሆያ መንደር፣ አብዛኞቹ ራሳቸው የአካል ጉዳት ያለባቸው ሠራተኞች ለጉዳተኞች ሕፃናት ዕቃ ይሠሩ ነበር፤ ዴቪድ ወርነርም ከእነርሱ ሥራ የተገኘውን ዕውቀት በ1987 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትሞታል። በሀብታሚቱ በኒው ዮርክ ከተማ እንኳ አሌክስ ትሩስዴል የተባለች ሴት ከወፍራም ካርቶን ለእያንዳንዱ ሕፃን በልኩ ወንበር የሚሠራ ማኅበር መሥርታ፣ ስለዚሁ ሥራዋ በ2015 እ.ኤ.አ. የማክአርተር ሽልማት ተሰጥቷታል። ገንዘብ በሞላበት አገር ካርቶን የተመረጠው፣ በፋብሪካ የተሠራ ወንበር የአንዱን ልጅ ልክ ስለማያውቅ ነው። የእኛም አናጢ «ልኩን አምጣልኝ» ያሉት ይህንኑ ነው።

ስለ አለካክ

«አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ» እንደሚባለው፣ ዋናው ሥራ መለካት ነው። ልጁን አንድ ሰው በጠፍጣፋ አግዳሚ ላይ በርጋታ ደግፎ ያስቀምጠው፤ ሌላው በልብስ ሰፊ ሜትር ወይም በክር ይለካ። የሚለኩትም አምስት ነገሮች ናቸው።

1ኛ/ የመቀመጫው ጥልቀት፤ ከዳሌው ጀርባ እስከ ቋንጃው ድረስ ተለክቶ ሁለት ጣት ይቀነሳል። ይህ ካልተቀነሰ የመቀመጫው ጠርዝ ቋንጃውን ስለሚወጋው ልጁ ወደ ፊት ይንሸራተታል።

2ኛ/ የመቀመጫው ከፍታ፤ ከቋንጃው እስከ ተረከዙ ያለው ነው። እግሩ ሙሉ በሙሉ መርገጥ አለበት።

3ኛ/ የመቀመጫው ወርድ፤ የዳሌው ወርድ ሆኖ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ጣት ይጨመርበታል። ከዚህ የሰፋ እንደ ሆነ ልጁ ወደ ጎን ይዘነበላል።

4ኛ/ የጠረጴዛው ከፍታ፤ ከተቀመጠበት እስከ ክርኑ ያለው ነው። ክርኖቹ በጠረጴዛው ላይ ሲያርፉ ትከሻውና ራሱ ይረጋሉ።

5ኛ/ የመደገፊያው ቁመት፤ ራሱን ለማቅናት ለሚችል ልጅ እስከ ትከሻው፣ ለማይችለው ደግሞ እስከ ራሱ ጫፍ ይደርሳል።

ወንበሩ በእነዚህ ልኮች ከተሠራ በኋላ የልጁ ዳሌ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት እያንዳንዳቸው እንደ ቤት ማዕዘን ቀጥ ብለው ይታጠፋሉ። ልጁን ስናስቀምጥ ከዳሌው እንጀምራለን እንጂ ከራሱ አንጀምርም። ቤት የሚሠራ ሰው መሠረቱን ሳያስተካክል ጣራውን አያቃናም፤ እንዲሁም ዳሌው ወደ ኋላ ተጠግቶ ያልተስተካከለ ልጅ ራሱን ቢደግፉት ተመልሶ ይወድቃል። ዳሌው እንዳይንሸራተት ሰፊ የጨርቅ ቀበቶ በጭኑ መነሻ ላይ ይታሰራል፤ በሆዱ ላይ ግን አይታሰርም። ጭኖቹ ለሚጣበቁ ልጅ በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ እንጨት በጉልበቶቹ መካከል ይደረግለታል፤ ይህም ወደ ብልቱ እንዳይጠጋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ስለ አሠራር

በከተማችን የሚገኘው ዕቃ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ከደጋ የሚወርደው የባሕር ዛፍ ጣውላ፣ ከየሱቁ የሚጣለው የሳሙናና የዘይት ካርቶን፣ ስፖንጅ፣ አቡጀዲ፣ ከጎማ የውስጥ ላስቲክ የሚቆረጥ ማሰሪያ ሁሉ ይጠቅማል።

በካርቶን ለሚሠራ ሰው አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። የስንዴ ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ ቀጠን ያለ ገንፎ እስኪመስል ይበስላል። ካርቶኑ በልኩ ተቆርጦ፣ የአንዱ ንጣፍ መስመር ከሌላው ጋር እንዲተላለፍ ተደርጎ ይደራረባል፤ በየንጣፉም ማጣበቂያው ይቀባል። መስመሮቹ ካልተላለፉ ሥራው በአንድ ወገን ይታጠፋል። ከዚያም ድንጋይ ተጭኖበት ያድራል፤ በኋላም እስኪደርቅ ድረስ በፀሐይ ይሰጣል። የቆላው ፀሐይ ለዚህ ሥራ ትልቅ ረዳት ነው። በደንብ ከደረቀ በኋላ በዘይት ቀለም ይቀባል፤ ያልተቀባ እንደ ሆነ ዱቄቱ አይጥና ምስጥ ይጠራል፤ እርጥበትም ያፈርሰዋል።

ገና በጣም ትንሽ ለሆነ ሕፃን የ20 ሊትር ጀሪካን ተቆርጦ የወለል መቀመጫ ሊሆን ይችላል። የተቆረጠው ጠርዝ ስለት ስለ ሆነ በወፍራም ጨርቅ ይሸፈን። የሽንኩርት ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ግን ምንም ቢታጠብ ለዚህ ሥራ ሊውል አይገባም። ጀሪካን ያላገኘ ሰው የመደቡን ማዕዘን ይጠቀም፤ ሁለቱ ግድግዳዎች የሕፃኑን ትከሻ ወደ ፊት ስለሚሰበስቡ እጆቹን ለመጠቀም ይቀለዋል።

በሽንትና በዓይነ ምድር ረገድም መላ ይፈለጋል። በወንበሩ መቀመጫ መካከል ቀዳዳ ተበጅቶ ከሥሩ ፖፖ ቢደረግ፣ ልጁ ተደግፎ በንጽሕና ለመጸዳዳት ይችላል፤ እናትም ከብዙ ልብስ ማጠብ ታርፋለች።

ማናቸውም ወንበር ልጁ ሳይቀመጥበት በፊት ክብደቱ የልጁን እጥፍ የሆነ የአሸዋ ጆንያ ይጫንበትና ይነቅነቅ። የሚወላገድ፣ የሚሰነጠቅ ወይም ወደ ኋላ የሚገለበጥ ከሆነ ይታደስ።

ስለ አመጋገብ

የዚህ ሁሉ ሥራ ትልቁ ዋጋ የሚታየው በምግብ ጊዜ ነው። ሕፃንን አንጋሎ መጋት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ራሱ ወደ ኋላ የተንጋለለ ሰው የመተንፈሻ ቧንቧው ስለሚከፈት አጥሚቱ ወደ ሳምባው ይገባል። ደጋግሞ የሚመጣው ሳምባ ምች ብዙውን ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው፤ እነዚህን ሕፃናት ከሚገድሉት ዋና ዋና ምክንያቶችም አንዱ ይኸው ነው። ይህን የምናገረው እናቶችንና አያቶችን ለመውቀስ አይደለም፤ ልጁን በሌላ መንገድ ለማብላት መቀመጫ አልነበራቸውምና።

ስለዚህ ልጁ በወንበሩ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ አገጩም በጥቂቱ ወደ ደረቱ ዘንበል ይበል። የሚመግበው ሰው ከፊት ለፊቱ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ እንጂ ከላይ ቆሞ አያጉርሰው፤ ከላይ ያጎረሰው እንደ ሆነ ልጁ ማንኪያውን ለማየት ራሱን ወደ ኋላ ይጥላል። ምግቡ ወፈር ያለና ለስላሳ ይሁን፤ በትንሽ ማንኪያ ይሰጠው፤ አንዱን ሳይውጥ ሁለተኛው አይጨመር። ከበላም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀጥ ብሎ ይቆይ። በምግብ ጊዜ ሁልጊዜ የሚያስለው፣ ድምፁ ውኃ እንዳዘለ የሚንኮሮኮር ወይም ክብደቱ የሚቀንስ ልጅ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ስለ ጥንቃቄ

ወንበር ረዳት ነው እንጂ ሞግዚት አይደለም። ልጁን አስሮ ጥሎት መሄድ ከባድ ጥፋት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ከለመደም በኋላ እየተጨመረ ቢሄድ ይበቃል። ከዚያም ወርዶ በጎኑ ይተኛ፣ በደረቱም ተኝቶ ራሱን ለማንሣት ይሞክር፤ ማንም አካል በአንድ አኳኋን ብቻ መዋል አይገባውም። ከወንበሩ ሲወርድ ዳሌው፣ ጀርባውና ተረከዙ ይታይ። ቀልቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የማይጠፋ ቦታ የተገኘ እንደ ሆነ የቁስል መጀመሪያ ነውና በዚያ በኩል ወንበሩ ይለዝብ።

በቆላ አገር ደግሞ ላብ አለ። ስፖንጁ በፕላስቲክ ብቻ ከተሸፈነ የልጁ ቆዳ ይቆስላል፤ ስለዚህ ከፕላስቲኩ በላይ የሚወልቅና የሚታጠብ የጥጥ ጨርቅ ይደረግ። ወንበሩ በጥላ ሥር ይቀመጥ፤ ለልጁም ውኃ በየጊዜው በማንኪያ ይሰጠው፤ ጠማኝ ብሎ ለመናገር የማይችል ነውና። ከምድጃና ከጉልቻ አጠገብ አይቀመጥ። ሕፃን የሚያድግ ፍጥረት ስለ ሆነም በየስድስት ወሩ ልኩ እንደ ገና ይወሰድ።

ዳሌው ሲነካ የሚያለቅስ፣ ጀርባው እየጎበጠ የሚሄድ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ግን በቤት መላ ብቻ ሊተው አይገባም። በመጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ሆስፒታል ወይም በደሴ ወዳለው የአካል ተሐድሶ ማእከል ይላካል።

ለመምህራን

ይህ ጽሑፍ በተለይ ለመምህራን የሚቀርብበት ምክንያት አለው። ከወላጅ ቀጥሎ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሕፃናትን የሚቆጥር መምህር ነው። ለምዝገባ ቤት ለቤት ስትዘዋወሩ «ሌላ ልጅ የለም» የሚል ወላጅ ያጋጥማችኋል። ያን ጊዜ በትሕትና ደግማችሁ ጠይቁ፤ ከጓዳ ውስጥ አንድ ልጅ ሊኖር ይችላል። ይህ ልጅ የመማር መብት ያለው ዜጋ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን እንዲረዳ ያዝዛል፤ አገራችንም የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስጠብቀውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች።

መናገር የማይችል ልጅ ሁሉ የማያስተውል ነው ብላችሁ አትገምቱ። አካሉ ያልታዘዘለት ልጅ አእምሮው ምሉእ ሊሆን ይችላል፤ ይህም የሚታወቀው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ዐይንና እጁን ለመጠቀም ሲችል ነው። በትምህርት ቤታችሁ በዓመቱ መጨረሻ የሚጣለው ደብተርና ካርቶን ለአንድ ወንበር ይበቃል። የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ያላችሁ እንደ ሆነ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይሥሩት። በእጁ የጓደኛውን ወንበር የሠራ ተማሪ በዚያ ልጅ ላይ አይሳለቅም።

የከተማችን ነዋሪዎችም እንዲሁ አናጢው ጉልበቱን፣ ባለ ሱቁ ካርቶኑን፣ ልብስ ሰፊው ቁርጥራጭ ጨርቁን ቢያዋጡ ለማንም የማይከብድ ነገር ነው። ገንዘብ ያጣ ሰውም ቢሆን ክር ይዞ ልክ ለመውሰድ ይችላል።

የሮቢ ወንዝ ዳር አያቲቱ «እኔ የደከምሁ ዕለት ማን ያዝለዋል?» ብለው ለጠየቁኝ ጥያቄ ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ግን ለአንባቢዎቼ የማቀርበው መልስ ይህ ነው። እርሳቸው በጀርባቸው የሚሠሩትን ሥራ እኛ ለክተን በእንጨትና በካርቶን ልንሠራው እንችላለን። እስከሚቀጥለው ወር እትም ድረስ እያንዳንዱ አንባቢ በሠፈሩ በጀርባው ተንጋሎ የሚውል አንድ ሕፃን መኖር አለመኖሩን ይጠይቅ፤ ቢኖርም ክር ይዞ ይሂድ። ፈጣሪ ሥራችንን ይባርክልን።